ርቀቱን ሳይሆን መሬቱን ምረጡ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ከዚያ ከድምፅ ሥር ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ይህ ዝግጅት በወልድያ፣ በሲሪንቃ፣ በመርሳ፣ በሐራና በመላው ሀብሩ ለምትገኙ፣ ሱቅ ከፍታችሁም ሆነ ቡና እያፈላችሁ ለምትሰሙን ነው።

ዛሬ ስለ መሮጫ መንገድ እናወራለን። ከተማ ዳር የሚኖር ሰው፣ ለጤናው ይሁን ለውድድር፣ መሮጥ ቢፈልግ የት ይሩጥ? የቱን ጫካ፣ የቱን የእርሻ መንገድ ይምረጥ? የቱንስ ይተው?

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። በሰፈራችሁ የሚሮጥ ወጣት ካለ ጥሩትና “ዛሬ ምን ሠራህ?” በሉት። “አሥር ኪሎ ሜትር” ይላችኋል። “በምን ላይ?” ብላችሁ ድገሙለት። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፤ ርቀቱን ይቆጥራሉ እንጂ መሬቱን አላሰቡትም። የዛሬው ዋና ነጥባችን ከዚህ ይነሣል፤ ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹኝ። ርቀቱን ሳይሆን መሬቱን ምረጡ። መሬቱ ከተመረጠ ርቀቱ ራሱ ይመጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ታላላቆቹ ሯጮቻችን እንዴት ይሠራሉ? አዲስ አበባ ያሉት ጎህ ሲቀድ ሰርቪስ ተሳፍረው ወደ እንጦጦ፣ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሰንዳፋ ይወጣሉ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይሮጡም። አንድ ቀን ጫካ ነው፤ አንድ ቀን ኮረኮንች ነው፤ አንድ ቀን አስፋልት ነው። አስፋልቱ ለፈጣን ሥራ ይቀመጣል። ቀሪው ሳምንት አፈር ላይ ያልፋል፤ ምክንያቱም ጉልበትና ቁርጭምጭሚት በየቀኑ አስፋልት አይችሉም።

የጫካው ቀን አሯሯጥ ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነው። ሯጮቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይሰለፋሉ። ከፊት ያለው መሪ በዛፎቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ፣ ዳገቱን በቀጥታ ሳይሆን በአግድም እየቆረጠ ይወስዳቸዋል። ማይክል ክሮውሊ የሚባል ብሪታኒያዊ አንትሮፖሎጂስት፣ ራሱም ሯጭ ነው፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከእነዚህ ሯጮች ጋር እየሮጠ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ከጻፈባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው በዛፍ መካከል እየተጠማዘዙ መሮጥ ነው።

ለምን ይታጠፋሉ? ቀጥ ያለው መንገድ አይቀልም ነበር? አዎ፣ ይቀላል። ነገር ግን ጠመዝማዛው መንገድ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ እግር በየእርምጃው በተለያየ አቅጣጫ ስለሚያርፍ ቁርጭምጭሚትና ዳሌ ይጠነክራሉ፤ ያው አንድ ጅማት ብቻ ሺህ ጊዜ አይመታም። ሁለተኛ፣ ፍጥነትን ይይዛል። ቀስ ብሎ መሮጥ ባለበት ቀን ወጣት ልብ መቸኮሉ አይቀርም፤ ጫካው ግን አያስቸኩልም።

ታዲያ አፈርና ሣር ላይ ያደገ ሯጭ ትራክ ላይ ይፈጥናል ወይ? ቀነኒሳ በቀለን አስቡ። የበቆጂ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006፣ ለአምስት ተከታታይ ዓመታት፣ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ። በጭቃ፣ በሣር፣ በዳገት ማለት ነው። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በአሥር ሺህ ሜትር ትራክ ላይ 26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ገብቶ ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ ያንን ክብረ ወሰን እስከ 2020 ድረስ የሰበረው አልነበረም። ደራርቱም፣ ፋጡማ ሮባም፣ ጥሩነሽም ከዚያው ከበቆጂ አፈር ወጥተዋል።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴስ? በአሰላ አቅራቢያ ካለው መንደሩ ወደ ትምህርት ቤት አሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ይሄድ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ ነበር። ደብተሩን በግራ ብብቱ ይይዝ ስለነበር፣ ታላቅ ሯጭ ከሆነ በኋላም ግራ ክንዱ ታጥፎ ይታይ ነበር። የመጀመሪያው የልምምድ ቦታው የትምህርት ቤት መንገድ ነው። በሀብሩም ከቀበሌ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከመንደር ወደ ሐራ ገበያ የሚወስድ መንገድ ሞልቷል።

(የእግር ኮቴ ድምፅ በአፈር ላይ፤ ለጥቂት ሰከንድ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ራሳችን መሬት እንምጣ። በዙሪያችን ምን ምን ዓይነት መሬት አለ?

በቅድሚያ መተው ያለበትን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በመርሳና በወልድያ አልፎ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው ዋናው አስፋልት መሮጫ አይደለም። ተሳቢ መኪና፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ ይተላለፍበታል፤ ጥቁር ጭስ ይለቀቅበታል፤ ጠርዙም ጠባብ ነው። ወጣቶች ጎህ ሳይቀድ ጥቁር ልብስ ለብሰው በዚያ ጠርዝ ሲሮጡ ማየት እጅግ ያሳስበኛል። ለመሻገር ካልሆነ አትውጡበት። ካልቀረላችሁ ደግሞ መኪናው ፊት ለፊት በሚመጣበት በግራ ጠርዝ ሁኑ፣ ነጭ ወይም ቢጫ ልበሱ፣ የጆሮ ማዳመጫችሁን አውልቁ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ በተዘረጋው የባቡር መስመር ላይም እንዲሁ አትሩጡ፤ ጠጠሩ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል።

ከዚያ ኮረኮንቹ አለ። ከከተማ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጣው የጠጠር መንገድ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ሰፊ ነው፣ አይጠፋም፣ ሰው አይታጣበትም። ጠጠሩ ተሰብስቦ የሚከመርበትን ጠርዝ ትታችሁ የጎማ ዱካውን ያዙ።

የባሕር ዛፉ ቦታስ? ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ዛሬ በየኮረብታው አለ። ለሯጭ ጥላ ይሰጣል፣ ከሥሩ ቁጥቋጦ አይበዛም፣ የረገፈው ቅጠል ለእግር ይለሰልሳል። አንድ ከባድ አደጋ ግን አለበት። አጠና የተቆረጠበት ጉቶ በቅጠሉ ሥር ተሸሽጎ ይቀራል። ሲሮጡ አይታይም፤ የሚታወቀው እግር ሲመታው ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ነጥባችንን ያዙልኝ፤ በአዲስ መንገድ ከመሮጣችሁ በፊት በቀን ብርሃን በእግራችሁ ሂዱበት። ጉቶው የት እንዳለ፣ ገመድ የት እንደተወጠረ፣ ውሻ ያለው የትኛው ግቢ እንደሆነ እዩ። ከዚያም የዛፉን ባለቤት አስፈቅዱ። “ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት በዚህ ብናልፍ ቅር ይልዎታል?” ማለት ምን ይከብዳል? የተጠየቀ ሰው ጠባቂ ይሆናችኋል።

በኮረብታው ላይ በወይራና በጽድ የተከበበ ቤተ ክርስቲያንም አለ። ያ ደን ለዘመናት በእምነት ተጠብቆ የኖረ ነው። በግቢው ውስጥ አንሮጥም። በአጥሩ ውጭ ያለው የእግር መንገድ ግን ይበቃናል፤ ደኑን እያያችሁ፣ ወፉን እየሰማችሁ ዙሩት። በመስጊድ ደጃፍና በመቃብር ቦታም እንዲሁ፤ ሩጫውን ወደ እርምጃ ቀይረን፣ ሰላምታ ሰጥተን እናልፋለን።

ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረጉት ተራሮችስ? ይህን በግልጽ እናገራለሁ፤ አትግቡባቸው። ያ እርከንና ያ ጉድጓድ ሕዝቡ በተፋሰስ ሥራ ለቀናት ቆፍሮ የሠራው ነው። በአንድ ሯጭ ይፈርሳል ወይ ትሉ ይሆናል። አንድ ሯጭ የረገጠውን ሌላው ይከተለዋል፣ ከዚያ ፍየል ይከተላል፣ በክረምት ደግሞ ጎርፉ ያንኑ ዱካ ይዞ ይወርዳል። ደግሞም ውኃ መያዣ ጉድጓዶቹ በሣር ስለሚሸፈኑ ለእግር አደገኛ ናቸው። በእነዚያ ተራሮች ግርጌ ባለው መንገድ ሩጡ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ እርሻው እንውረድ፤ እኔ የምወደው መሬት ይኸው ነው። በሀብሩ ጤፍና ማሽላ መካከል የሚያልፈው ቀጭን የእግር መንገድ በታኅሣሥና በጥር ደረቅ ነው፣ ክፍት ነው፣ አዝመራው ስለተሰበሰበ ሩቅ ያሳያል። ከእርሻው ሰው ጋር ደግሞ ወዳጅነት ይፈጠርበታል። እየሮጣችሁ “ያበርታችሁ!” ብትሉ፣ “አብሽር!” የሚል መልስ አታጡም።

ነገር ግን መንገዱ በየወቅቱ ጠባዩን ይለውጣል። በጥቅምት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል። ግራና ቀኝ አይታይም። ማማ ላይ የወጣ ልጅ ወፍ ሲያባርር ወንጭፉን ይወነጭፋል፤ ድንጋዩ ወዴት እንደሚሄድ ልጁም በእርግጠኝነት አያውቅም፣ እናንተንም አያያችሁም። በዚያ ወር በማሽላ መካከል የግድ የምታልፉ ከሆነ ከሩቅ ድምፅ አሰሙ። “ሰው አለ! ሰው እያለፈ ነው!” በሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ወንጭፉ እስኪያርፍ ሌላ መንገድ መያዝ ነው።

ዋልካው አፈርስ? በክረምት ከጫማ ሥር እንደ ሊጥ ተጣብቆ አንዱን እግር ሁለት ኪሎ ያደርገዋል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እግር ይውጣል። ስለዚህ ዋልካ መሬት ላይ የሚሮጠው ዝናቡ አቁሞ አፈሩ ጠፈፍ ባለበት፣ ገና ሳይሰነጠቅ ባለው አጭር ጊዜ ነው። በቀረው ወቅት ወደ ቀይ አፈሩ ወይም ወደ ኮረኮንቹ እንወጣለን።

በመርሳና በጊራና በኩል ያላችሁ ደግሞ የመስኖ ቦይ ዳር አላችሁ። ማንጎው ጥላ ይጥልላችኋል፤ መሬቱ ለጥ ያለና ለስላሳ ነው። ከቆየ ጉዳት ለሚያገግም ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። የቦዩን ጠርዝ ግን አትርገጡ፣ ይሰበራል፤ የገበሬው ተራ ይበላሻል። ማታ ማታም በዚያ አትሩጡ። የወባ ትንኝ የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ውኃ ያለበት ቆላ ደግሞ ቤቷ ነው።

(የውኃ ድምፅ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ የወንዝ አሸዋ ላይ መሮጥስ? በበጋ ደረቁ የወንዝ ወለል ለእግር ጡንቻ ብርቱ ሥራ ነው፤ አሥር ደቂቃ አሸዋ ላይ ብዙ ደቂቃ አፈር ላይ ያህላል። የሐራ ልጆች ይህንን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በበልግና በክረምት ግን እባካችሁ ተዉት። ከእኛ በስተ ምዕራብ ያለው ተራራ ላይ ሲዘንብ ሐራ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ደራሽ ውኃው ሳይታሰብ ከተፍ ይላል። ተራራው ጠቁሮ ካያችሁ ከወንዙ ውጡ። ውኃው እስኪጎድል ደግሞ አትሻገሩ፤ የአንድ ቀን ልምምድ ቢቀር ምንም አይደል።

እስካሁን ያልነውን እንያዝ። ምን አልን? ርቀቱን ሳይሆን መሬቱን ምረጡ። ከመሮጣችሁ በፊት በእግር ሂዱበት። መንገዱን ከወቅቱ ጋር ለዋውጡ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር በጣም ከባድ ነው፤ ሥራችሁን ለአፍታ አቁማችሁ ስሙኝ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ መሬት ላይ አልፏል። ጦርነት ባለፈበት መሬት ያልፈነዳ ነገር ይቀራል፤ በቁጥቋጦ ውስጥ፣ በምሽግ አጠገብ፣ ጎርፍ ባመጣው አሸዋ ውስጥ። ስለዚህ ሰው በየቀኑ ከሚረግጠው መንገድ አትውጡ። የአዲስ አበባዎቹን ሯጮች አይታችሁ በማታውቁት ቁጥቋጦ ውስጥ አትጠማዘዙ፤ መጠማዘዝ ከፈለጋችሁ ባለቤቱ ዘወትር በሚመላለስበት በባሕር ዛፍ ቦታ አድርጉት። የማታውቁት ብረት ካያችሁ አትንኩት፣ ድንጋይ አትወርውሩበት። ቁሙ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ቦታውን አስታውሳችሁ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ንገሩ። ወላጆች፣ ይህንን ለልጆቻችሁ ዛሬ ማታ ድገሙላቸው። የአካባቢው ጸጥታ በማያስተማምንበት ቀን ደግሞ ሩጫው ይቅር፤ ግቢ ውስጥ ገመድ መዝለልም ልምምድ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ስለ ዳገትና ስለ ሰዓት ሳንነጋገር አንለያይም። አገራችን ተዳፋት ነው። ወልድያ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሲሪንቃ 1,850 ሜትር ላይ ናት፤ ሐራ ደግሞ ከሁለቱም ዝቅ ብላ ወደ አፋር ቆላ ታያለች። ከወልድያ ወደ ቆላው አቅጣጫ የምትሮጡ ከሆነ ምን ይገጥማችኋል? ስትሄዱ ቁልቁለት ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ጉልበታችሁ ሙሉ ነው። ስትመለሱ ዳገት ነው፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ጉልበቱም አልቋል። ብዙ ጀማሪ በዚህ ይታለላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዳገቱን ውጡ፣ በኋላ ቁልቁለቱን ተመለሱ። ቁልቁለቱ በጣም የሚያዳልጥ ከሆነ በእርምጃ ውረዱት፤ የጭን ፊት ጡንቻን የሚያሳምመው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው።

ሰዓት የሌለው ሰው እንዴት ይለካ? በትንፋሹ። አብሯችሁ ከሚሮጠው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ልኩ ነው። ሁለት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ ቀስ በሉ። ለጀማሪ አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ መራመድ ጥሩ አጀማመር ነው።

መቼ እንውጣ? ሰማዩ ነጣ ካለ በኋላ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። ከዚያ በፊት ጅብ ገና ወደ ጉድጓዱ አልገባም፤ ጉቶውም አይታይም። በሐራ ቆላ ከ3 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል። በሩጫ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ሩጫው አልቋል፤ ጥላ ፈልጉ፣ ራሳችሁን በውኃ አርጥቡ፣ ጠጡ። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም የምትጾሙ፣ በጾም ሰዓት ረጅም ሩጫ አትያዙ። ለጾም መፍቻው ጥቂት ሲቀር ቀለል ያለ እርምጃ ወይም አጭር ሩጫ አድርጋችሁ ወደ ማዕድ መግባት ይሻላል።

እኅቶቼ፣ ለእናንተ ደግሞ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሁናችሁ ውጡ፣ በየት በኩል እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቤተሰብ ንገሩ። እናቶችና አባቶችም ሴት ልጃችሁ መሮጥ ብትፈልግ ከመከልከል ይልቅ በመጀመሪያው ቀን አብራችኋት ተራመዱ። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ስትሆን፣ እሷም የገጠር ልጅ ነበረች።

ውሻ ቢያባርርስ? አትሩጡ። ቁሙ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሡ ምሰሉ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ከነከሰ ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። “ትንሽ ጭረት ናት” ብላችሁ አትቅሩ፤ የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ አይመለስም።

ጫማም ትጠይቁኛላችሁ። “አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል ያሸነፈው?” ትላላችሁ። አዎ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸንፏል። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ሲደግመው ግን ጫማ አድርጎ ነበር። በግራር እሾህና በጉቶ መካከል ለምንሮጥ ለእኛ ጫማ ያስፈልጋል። ውድ መሆን የለበትም፤ ሶሉ ያላለቀ፣ ጣትን የማይጨቁን፣ ተረከዝን የሚይዝ ይሁን።

ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቁ የሼህ መሐመድ ሁሴን ዓሊ አል አሙዲ ስታዲየም አለን፤ የምንኮራበት ነው። ነገር ግን “ስታዲየም የለንም” ብላችሁ በሐራና በየቀበሌው ሩጫ የተዋችሁ ልጆች ካላችሁ፣ የሳምንቱን ሥራ የሚሸከመው ከቤታችሁ ጓሮ የሚጀምረው አፈር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

(ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

አቅራቢ፦ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። እስከሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዳችሁ አንድ መንገድ ምረጡ፤ ከቤት ወጥቶ ወደ ቤት የሚመልስ፣ አርባ ደቂቃ የእርምጃ መንገድ። አንድ ጊዜ ሂዱበትና ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይዛችሁ ጠብቁኝ። አፈሩ ምን ዓይነት ነው? ዳገቱ በመጀመሪያ ነው ወይስ በመጨረሻ? ማንን ማስፈቀድ አለብኝ? በክረምት የትኛው ክፍሉ ይዘጋል? አስተማሪዎች ከተማሪዎቻችሁ ጋር ብትሠሩትና መንገዱን በወረቀት ላይ ብታስሉአቸው ደግሞ እጅግ ደስ ይለኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሩጫ በፊትና በኋላ ምን እንብላ፣ በሶውንስ መቼ እንጠጣ የሚለውን ይዤ እቀርባለሁ።

(የመውጫ ሙዚቃ)